ከተበላሸ ኮፒ የተማርኩት እንግሊዝኛ

ድሬ ላይ ከቀኑ 6 ሰዓት በኋላ የሚሠራ ሰው ወይ እንግዳ ነው፣ ወይ ዕዳ አለበት። እኔ ዕዳ አለብኝ። ኮፒ ማሽኔ ግን የለባትም፤ ስለዚህ እሷ ታርፋለች። በዚያ ሙቀት ካሠራኋት ወረቀት መንከስ ትጀምራለች፣ ግማሹን ገጽ ጥቁር አድርጋ ትተፋለች። እናም እስከ 10 ሰዓት ድረስ በሩን ገርበብ አደርጋለሁ፣ ቬንትሌተሩን ወደ ፊቴ አዞራለሁ፣ ሶኬቷን እነቅልና አነባለሁ።

የማነበው መጽሐፍ አይደለም። የተበላሸ ኮፒ ነው።

ሱቄ ከዚራ ሰፈር ነው፣ ከለገሃር ብዙም አይርቅም። ፎቶ ኮፒ፣ ፕሪንት፣ ላሚኔት፣ ጥረዛ። መምህራን ሃንድአውት ያመጣሉ፣ ተማሪዎች ወርክሺት ያመጣሉ፣ የዩኒቨርሲቲ ልጆች የመመረቂያ ጽሑፍ ያስጠርዛሉ። ጠማማ የወጣው፣ የደበዘዘው፣ ሁለት ጊዜ የታተመው ሁሉ ከጠረጴዛው ሥር ካርቶን ውስጥ ይገባል። ግማሹን በሬ ላይ ሳምቡሳ የምትሸጠው ጎረቤቴ ለመጠቅለያ ትወስደዋለች። ግማሹን እኔ አነባለሁ። አንዳንዴ እጃችን አንድ ገጽ ላይ ያርፋል። ባለፈው የጀመርኩት መልመጃ ሳምቡሳ ይዞ ሄደ፤ ከጥያቄ 6 እስከ 10 ያለውን እስከ ዛሬ አላውቅም።

ዘንድሮ ካርቶኑን የሞላው አንድ ርዕስ ነው፦ ሰክሰስ። ከየትም ትምህርት ቤት ይምጣ፣ መልኩ ያው ነው። ከላይ ተራራ ጫፍ ላይ እጁን ዘርግቶ የቆመ ሰውዬ አለ። ከሥሩ ምንባብ፦ አንድ ደሃ ልጅ ነበር፣ ጠንክሮ ሠራ፣ ሀብታም ሆነ። ከዚያ የቃላት ዝርዝር ይመጣል። ሰክሰስ፣ አቺቭ፣ ጎል፣ አምቢሽን፣ ኤፈርት፣ ኦቨርካም። ከዚያ ባዶ ቦታ ሙሉ። መጨረሻ ላይ «ለአንተ ስኬት ምንድን ነው?» የሚል ጥያቄና ሦስት መስመር። ሰው የሕይወቱን ጥያቄ በሦስት መስመር ይመልስ ማለት ነው።

መምህራኑ ላይ አልፈርድም። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍልን ፈተና ከወሰዱት ተማሪዎች ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። ያ ዓመት ካለፈ ወዲህ ኮፒ የሚያስደርገው ሰው በዝቷል። ጭንቀት ለእኔ ሥራ ጥሩ ነው፤ ይህን ስል ትንሽ ያሳፍረኛል።

እኔ ራሴ የ10ኛ ክፍልን ፈተና የወሰድኩት በ1996 ነው። እንግሊዝኛ ዲ። ያኔ ቃል የምንይዘው ደብተር መሃል ላይ መስመር አስምረን ነበር፤ በግራ እንግሊዝኛ፣ በቀኝ አማርኛ። ያን ደብተር አሁን ባገኘው ምን እንደሚል አውቃለሁ። ሰክሲድ፣ ማሳካት። አቺቭ፣ ማሳካት። አኮምፕሊሽ፣ ማሳካት። ግራው ሦስት ቃል ነው፣ ቀኙ አንድ። ሦስት ቃል ያወቅሁ መስሎኝ አንድ ቃል ሦስት ጊዜ ጻፍኩ። ዲ ሲያንሰኝ ነው።

የሳምቡሳዋ ጎረቤቴ ልጅ ዘንድሮ 12ኛ ክፍል ናት። በምሳ ሰዓት እኔ ጋ ትመጣለች። ለትምህርቱ ነው ትላለች፤ እኔ ለቬንትሌተሩ ነው እላለሁ። «እትዬ» ትለኛለች፣ ገና በ38 ዓመቴ። ትቼዋለሁ።

አንድ ቀን ከዝርዝሩ ላይ 20 ቃል ሸምድዳ መጣች። ጠየቅኳት፣ ሃያውንም መለሰች። በማግስቱ ስጠይቃት የምታስታውሰው ሰባት ብቻ ነው። እኔም ኮስተር ብዬ የተበላሸ ወረቀት ጀርባውን ገልብጬ ሰጠኋት። ቃል አትንገሪኝ፣ ዓረፍተ ነገር ጻፊልኝ አልኳት። ስለምታውቂው ነገር ብቻ።

የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገሯ ይህ ነበር፦ «ማይ ማዘር ወርክስ ሃርድሊ።»

እናቷ በሩ ላይ ናት። ከሌሊቱ 11 ሰዓት ጀምሮ ሊጥ ስትድጥ፣ ምስር ስትቀቅል፣ ዘይት ስታግል የዋለች ሴት ናት። ልጅቷ ደግሞ «እናቴ ሥራ ትሠራለች ለማለት ያስቸግራል» ብላ ጽፋለች። ሃርድሊ ማለት ከሞላ ጎደል ምንም ማለት ነው። ስነግራት ሳቀች፣ ከዚያ አፏን ያዘች። «እማዬ እንዳትሰማ!»

ግን ጥፋቷ የአእምሮ ጥፋት አይደለም። ስሎው ብሎ ስሎውሊ አለ፣ ኳይት ብሎ ኳይትሊ አለ። ስለዚህ ሃርድ ላይም ሊ ጨመረች። ሕጉን በደንብ ስላወቀች ነው የተሳሳተችው። ሃርድ ግን እንዳለ ይቆማል፦ «ሺ ወርክስ ሃርድ።» ሊ የጨመረችበት ቀን ሃርድ ትርጉሙን ይዞ ይሄዳል። ሌትም እንዲሁ ነው፤ አርፍዶ መምጣት ሌት ነው፣ ሌትሊ ግን «ሰሞኑን» ማለት ነው። እነዚህን ሁለቱን ከዚያ ወዲህ አልሳተችም። ከሃያው ዝርዝር ግን ሰባቱ እንኳ አሁን አሉ ብዬ አልምልም።

ሁለተኛው ዓረፍተ ነገሯ ሦስት ቀን ወሰደብን። «ማይ ፕላን ኢዝ ሰክሲድድ ፎር ሚ።»

አማርኛ አዋቂ ሁሉ ይገባዋል። «ዕቅዴ ተሳካልኝ» ማለቷ ነው። እንግሊዝኛው ግን አይቀበለውም። ለምን እንደማይቀበለው ሳስብ ቬንትሌተሩ ፊት ቁጭ ብዬ ምሳዬን ረሳሁ።

በእኛ ቋንቋ የሚሳካው ነገሩ ነው። ሰውዬው ዳር ቆሞ «ልኝ» ይላል። ተሳካልኝ፣ ቀናኝ፣ ሞላልኝ፣ ሰመረልኝ። ሀብታም የሆነውን ሰው «አለፈለት» እንላለን፤ ያለፈው ችግሩ ነው፣ እሱ የቆመበት ቆሟል። ፈተና እንኳ እንደ ባቡር ነው የምናየው፦ «ውጤት መጣልሽ?» ውጤት ተነሥቶ ይመጣል፣ ወይ ይቀራል። እኔ በ1996 ዘመድ ሲጠይቀኝ «አልመጣልኝም» ነበር ያልኩት። የሆነ ቦታ ተሳፍሮ መንገድ ላይ የቀረ ነገር እንጂ የእኔ ጉዳይ አይመስልም።

በእንግሊዝኛ የዓረፍተ ነገሩ ባለቤት አንቺ ራስሽ ነሽ። «አይ ሰክሲድድ።» ካልሆነም «አይ ፌይልድ።» ልኝ የለም፣ የምትደገፊበት የለም። እርግጥ እኛም «ወደቅኩ» እንላለን። ግን አስተውሉ፤ ስለ ራሳችን ስንናገር ልኝን እንመርጣለን፣ «ወደቀ»ን ለሌላ ሰው ልጅ እንተወዋለን።

የትኛው ይሻላል ብላ ጠየቀችኝ። እኔ እንጃ። የአማርኛው ትሕትና አለው፣ ብቻህን እንዳልሠራኸው ያስታውስሃል። የእንግሊዝኛው ሰውን አያስተኛም። በፈተናው ቀን ግን የእንግሊዝኛውን ምረጪ አልኳት፤ አራሚው ስለ ትሕትና ነጥብ አይሰጥም።

ሰክሲድ ሌላም ጠባይ አለው። ምን እንደተሳካ ሊናገር ሲል ኢንን ካላስከተለ አይራመድም። «ሰክሲድድ ቱ ፓስ» ብሎ የማይጽፍ ተማሪ እስካሁን በማሽኔ አላለፈም። ትክክሉ «ሰክሲድድ ኢን ፓሲንግ» ነው። ቱ የሚወደው ማኔጅ ነው፦ «ማኔጅድ ቱ ፓስ።» ሁለቱም ፈተናውን አለፈ ማለት ናቸው፣ ጎረቤታቸው ግን ለየቅል ነው። ስለዚህ ደብተሯ ላይ መስመር መሃል ማስመር ከለከልኳት። ቃሉን ከነጎረቤቱ ጻፊው አልኳት። ሰክሲድ ብቻውን አይጻፍም፤ «ሰክሲድ ኢን ዱዊንግ ሰምቲንግ» ተብሎ ይጻፋል።

ስለ ፊደሉም ልንገራችሁ። ሰክሰስ ላይ ሁለት ሲ አለ፤ አንዱ ክ ነው፣ አንዱ ስ። ልጆቹ አንዱን ሲ ይበሉታል። እኔ «አክሲደንትን አስቢ» አልኳት፣ እዚያም ሁለት ሲ አለ፣ አንዱ ክ አንዱ ስ። አክሲደንት የሚለውን ቃል የማያውቅ የባጃጅ ሹፌር ድሬ ላይ የለም። ሰክሰስፉል ሲሆን ደግሞ መጨረሻው ላይ ኤል አንድ ብቻ ነው። ፉል ብቻውን ሲቆም ሁለት ኤል አለው፣ ተቀጥላ ሲሆን አንዱን ይጥላል። የምንበላው ፉል አይደለም፤ እሱ ምንም አይጣልም።

በሌላ ቀን የታሪክ ሃንድአውት ይዛ መጣች፣ ግራ ገብቷታል። «እትዬ፣ ኃይለ ሥላሴ ዘውዲቱን ተሳካላቸው?» ምን አልሽ? ወረቀቱን አሳየችኝ። «ሃይሌ ስላሴ ሰክሲድድ ዘውዲቱ ኢን 1930» ይላል። ሰክሲድ ጥንት በላቲን ከኋላ መከተል ማለት ነበር፤ ይህ ትርጉም አሁንም ሕያው ነው። ዘውዲቱ ሞቱ፣ ከዚህ ብዙም ሳይርቅ ኤጀርሳ ጎሮ የተወለዱት ተፈሪ ተተኩ። ተተኪው ሰክሰሰር ነው። በተከታታይ የሚለው ሰክሰሲቭ ነው። ሰክሰስፉልና ሰክሰሲቭ አንድ ቤት ያደጉ፣ ተለያይተው የሚኖሩ ወንድማማቾች ናቸው። ፈተና ላይ ሁለቱን አጠገብ ለአጠገብ ምርጫ አድርገው ያቀርቧቸዋል፤ ይህን የማውቀው ያንን ፈተና ለልምምድ ስንት ጊዜ ኮፒ እንዳደረግሁት እኔ ስለማውቅ ነው።

አሁን ስለ ጋሼ።

ጋሼ ጡረታ የወጡ የባቡር ሰው ናቸው። ሽርጣቸውን አድርገው፣ ዱላቸውን ይዘው፣ ከሰዓት በሬ ጥላ ሥር ይቀመጣሉ። ይህች ከተማ ባቡሩ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1902 ሲደርስ አብራ የተወለደች ናት፤ ለገሃር የምንለው ራሱ ከፈረንሳይኛው «ላ ጋር» የመጣ ነው። የጋሼ ዕድሜ የባቡር ሠራተኞች በፈረንሳይኛ ነበር የሚሳደቡት። እንግሊዝኛን የሚያዩት እንደ ቅርብ ጊዜ ሙሽራ ነው፣ ገና ያልተፈተነች።

እኔና ልጅቷ አቺቭ ላይ ስንከራከር ሰሙን። እኔ «ማሳካት» ብዬ ድሮ የተማርኩትን እደግማለሁ።

«ምንድን ነው ያልሽው?» አሉኝ።

«አቺቭ፣ ጋሼ።»

«አሼቬ!» አሉ በዱላቸው ደጃፉን እየመቱ። «ትራቫይ አሼቬ። ሥራው አለቀ፣ ተፈጸመ። እናንተ ልጆች ፈረንሳይኛ ወስዳችሁ ነው እንግሊዝኛ ነው የምትሉት።»

ለጊዜው ዝም አልኳቸው። ማታ ግን ስልኬ ላይ ያለውን መዝገበ ቃላት ገልጬ አየሁ። እውነታቸውን ነው። አቺቭ ከጥንት ፈረንሳይኛ የመጣ ነው፣ ውስጡ ያለው ሼፍ የሚለው ቃል ነው፣ ራስ ማለት። ነገሩን እስከ ራሱ፣ እስከ ጫፉ ማድረስ። በማግስቱ ስነግራቸው ደስታቸው ልክ አልነበረውም። «ሼፍ ደ ጋር» አሉ፣ «የጣቢያው አለቃ። ያው ሼፍ!» ያን ቀን ለሚያልፈው ሁሉ ነገሩት። ለባጃጅ ሹፌሩም ጭምር።

እኔን ያስደሰተኝ ሌላ ነው። ለአቺቭ ትክክለኛው አማርኛ ማሳካት አይደለም፤ «ከዳር ማድረስ» ነው። እነሱ እስከ ራሱ ያደርሱታል፣ እኛ ከዳር እናደርሰዋለን። ስለዚህ አቺቭ ከፊቱ የሚደርስበት ነገር ይፈልጋል። «አይ አቺቭድ» ብቻ ብሎ ዝም ማለት ለጆሮ ይጎድላል። ምኑን? ጎሉን፣ ውጤቱን። በደብተሬ ቀኝ በኩል አንድ የነበረው ቃል ሁለት ሆነ፣ 20 ዓመት ዘግይቶ።

ማሳካትስ? እሱንም አየሁት። ሥሩ ሰካ ነው። ዶቃ ሰካ፣ ሶኬት ሰካ። ተሳካ ሲባል ነገር ከነገር ተያያዘ፣ አንዱ በአንዱ ገባ ማለት ነው። ስኬትና ሶኬት መመሳሰላቸው እንዲያው ያጋጣሚ ነው፤ ሶኬት የፈረንጅ ነው። ቢሆንም እንደኔ ቀኑን ሙሉ ሲሰካና ሲነቅል ለሚውል ሰው ያጋጣሚውን ማለፍ ይከብዳል።

ወደ ማንበቡ ልመለስ፤ ቃል የሚያዘው እዚያ ነው። አንድ የእንግሊዝኛ መምህር የማስተርስ ጽሑፉን ሊያስጠርዝ ሰጠኝ። ጥረዛ ሳደርግ ምዕራፍ ሁለትን ማንበብ ልማዴ ነው። እዚያ ላይ ሁ እና ኔሽን የተባሉ ሰዎች እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2000 ያደረጉት ጥናት ተጠቅሷል። አንድን ጽሑፍ ያለ ረዳት በደንብ ለመረዳት ከ100 ቃል 98ቱን ማወቅ ያስፈልጋል ይላል። ዘጠና ስምንት! ወዲያው የሰክሰሱን ምንባብ አውጥቼ ልጅቷን የማታውቀውን ቃል ሁሉ አስምሪበት አልኳት። ገጹ ወደ 300 ቃል ነው። በሒሳቡ ስድስት መሆን ነበረበት። 41 አሰመረች። ወረቀቱ የታረሰ ማሳ መሰለ። ያ ንባብ አይደለም፣ የመዝገበ ቃላት ቁፋሮ ነው። ልጅቷ ስንፍና አለብኝ ብላ ታስብ ነበር።

ስለዚህ ምንባቡን ራሳችን ጻፍነው። ታሪኩን ቀድማ የምታውቀው መሆን አለበት፤ ታሪኩን ካወቅሽ የማታውቂው ቃል ራሱ ይናገራል። አበበ ቢቂላን መረጥን። ሮም፣ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር 1960፣ በባዶ እግር። ቤርፉት የሚለውን ቃል አይታው አታውቅም፣ ግን መዝገበ ቃላት አልፈለገችም። ስለ አበበ ሮም ላይ ሌላ ምን ሊባል ይችላል? ከዚያ ቶኪዮ፣ 1964። ከውድድሩ ሳምንታት በፊት የትርፍ አንጀት ቀዶ ሕክምና አድርጎ ነበር፤ ሰርጀሪን እዚያ ያዘች። እሱ ግን ደግሞ አሸነፈ፣ የኦሊምፒክ ማራቶንን ሁለት ጊዜ ያሸነፈ የመጀመሪያው ሰው ሆነ። ዊን፣ አጌይን፣ ፈርስት። ቀላል ቃላት ናቸው። ተራራ ጫፍ ላይ የቆመ ሰው አላስፈለገንም።

በዚያው አቆጣጠር በ1969 የመኪና አደጋ ደረሰበትና መራመድ አቃተው፤ በተሽከርካሪ ወንበር ሆኖ ቀስት ውርወራ ተወዳደረ። ይህን ክፍል ልጅቷ ራሷ ናት የጨመረችው። እኔ ምንባቡ ቶኪዮ ላይ ይብቃ ብዬ ነበር። «አደጋው ቢደርስበትም» ለማለት «ዲስፓይት ኦፍ ሂዝ አክሲደንት» ብላ ጻፈች። ኦፉን ሰረዝኩት። ኦፍ የሚፈልገው ኢን ስፓይት ነው፤ ዲስፓይት ብቻውን ይቆማል። አክሲደንት ላይ ግን ሁለቱም ሲ በቦታቸው ነበሩ።

ትናንት ፈተናው ሦስት ሳምንት ቀረው። እናቷ ሳምቡሳውን ሸጣ ጨርሳ ገባች፣ ላቧን እየጠረገች። አንድ ብርጭቆ ውሃ ጠጣችና ልጇን አየቻት፣ ወረቀቱን አየችው። «ውጤት ይምጣልሽ» አለቻት።

ልጅቷ ወደ እኔ ዞረች። «እትዬ፣ ይሄ በእንግሊዝኛ ምን ይባላል?»

«ጉድ ላክ።»

«እሱማ መልካም ዕድል ነው። ውጤት ይምጣልሽ ነው ያልኩሽ።»

አሰብኩ። «አይ ሆፕ ዩ ሰክሲድ» ልል ነበር፤ እሱ ግን ሥራውን ሁሉ እሷ ላይ ይጥለዋል። ሪዘልት ከም ቱ ዩ ብል ማስፈራሪያ ይመስላል። ጋሼ ከውጭ «ቦን ሻንስ!» አሉ። ጋሼ፣ እሱም ያው ዕድል ነው አልኳቸው። «እንግዲህ እኔ ምን ላርግሽ» ብለው ዱላቸውን ተደግፈው ተነሡ።

10 ሰዓት ሊሞላ ነው። በሩን ከፈትኩ፣ ቬንትሌተሩን ወደ ደንበኛው በኩል አዞርኩት፣ ማሽኗን ሰካኋት። የመጀመሪያው ሰው 60 ኮፒ አለኝ፣ ፊትና ጀርባ። ወረቀቱን ገለበጥኩት። ተራራ ላይ የቆመው ሰውዬ ነው።